ከግዢ በፊት የነበረ ትርፍ

ኪትዌ መብራት ይሄዳል፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፤
ከመዳብ ማቅለጫው በኩል ሰማዩ ይቀላል ጥቂት።
እኔ ሻማ ለኩሼ፣ ጀሪካን ላይ ደብተር፣
እናትና ልጅ ኩባንያ ላዋህድ ስደምር፣
ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ሁለቴ ወድቄያለሁ።
ሁለቴም በአንድ መስመር፤ ቦታውን አውቀዋለሁ።

ሚስተር ሲቺሊማ ከጎማ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው የሚያስተምሩ፤
ከታች መዶሻ ሲጮህ እሳቸውም ጮኸው ነው የሚናገሩ፦
«ከመቶ ሰማንያ ብትገዛም፣ እናት ልጇን ስትጠቀልል
መቶውን ነው የምትወስደው፤ የወንበር እግር አይከፈል!
ሕንፃውን በሙሉ ደምሪ፣ መኪናውን በሙሉ ደምሪ፣
የቀሩትን የሃያዎቹን ድርሻ ከታች ለብቻው አስፍሪ።
እናት ከልጅ ብትበደር፣ ልጅም ለእናት ብትሸጥ፣
ከኪስ ወደ ኪስ ነው የዞረው፤ ሰርዢ፣ ሁለቱም ይቆረጥ!»

ይህስ ቶሎ ገባኝ። እናቴ ሰልባጅ ሻጭ ናት፣ ቺሶኮኔ፤
ጠዋት ሃምሳ ክዋቻ ትበደራለች ከእኔ፣
ማታ የታክሲ ብላ ትሰጠኛለች መልሳ፤
ቤታችን የገባም የለ፣ የወጣም የለ ሃምሳ።

እኔን የጣለኝ ሌላ ነው፦ ልጅቱ ከመገዛቷ በፊት
ለብቻዋ ያተረፈችው፣ ያጠራቀመችው ቅሪት።
እናትየዋ አልነበረችም፤ አብራ አልለፋችም ያኔ፤
እኔ ግን እደምረዋለሁ። ይስታል እጄ፣ ዓይኔ።
ሲቺሊማ በቀይ ይከቡታል፣ ይጽፋሉ ከጎኑ፦
«ይህ የማን ነው? ከመቼ ወዲህ? ተመልከቺ ወደ ቀኑ።»

በዚህ መሃል ካላባ መጣ፣ የመኪና ባትሪ ተሸክሞ፣
አምፖል በሁለት ሽቦ አስሮ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ።
እናቴን ሲያገባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤
አባባ ብዬው አላውቅም፤
«በይኝ» ሲልም አልሰማሁ፣ በዚህ ነገር ቃል አይናገር።

«ምኑ ነው የከበደሽ?» አለኝ። አሳየሁት መስመሩን፤
ያልተማረ ሰው አይደለም፣ ግን የሚያውቀው ሽቦውን።
ዝም ብሎ ሰማኝ። አምፖሉን አስጠጋ። ከዚያ እንዲህ አለ፦
«ይሄማ ልክ ነው። ምን ጥያቄ አለ?
እኔ እዚህ ቤት ስገባ አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ፣
እስከ አስራ ሁለት ድረስ ማባዛት በቃልሽ።
ሟቹ ነው ያስጠናሽ፣ ከጉድጓድ ወጥቶ፣ በዚያ ድካሙ፤
እኔ አስተማርኳት ብዬ አውርቼ አላውቅም። የእሱ ነው፤ ይቀመጥ በስሙ።
ከዚያ ወዲህ ያለው ግን...» አለና ሽቦውን ጠመዘዘ።
አምፖሉ አንዴ ቦግ አለ፣ አንዴ ፈዘዘ።
አልጨረሰውም።

ስለ መልካም ዝና ግን አልነገርኩትም ያን ማታ፤
ከሚታየው ሀብት በላይ የተከፈለ ዋጋ፣ የዚያ ልዩነት ቦታ።
ወንድሞቹ «ልጅ ያላት ሴት!» ብለው ሲስቁበት፣
ምን ያህል እንደከፈለ ሂሳብ አልሠራሁበት።

የፈተናው ቀን ዘነበ። አዳራሹ ቆርቆሮ፣
የፈታኟ ድምፅ ከጣሪያው ስር ተቀብሮ።
መጋዘን ውስጥ ካደረው ዕቃ ያልተሸጠ ትርፍ ቀነስኩ፣
መንገድ ላይ የቀረ ገንዘብ ነበር፣ እሱንም አስታወስኩ፤
ሚዛኑ ግን በአስራ ሁለት ሺ ሳይገጥም ቀረ።
ፈለግኩ። ሰዓት አለቀ። ወረቀት ተሰበሰበ፣ ታሰረ።
ያቺን መስመር ግን አልሳትኩም፤ ቀኑ ላይ ጣቴን አድርጌ
ፊትና ኋላውን ለየሁ፣ ከራስ እስከ ግርጌ።

ጠዋት ካርዴን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በደረት ኪሱ፣
እንዳይርስ ይዞልኝ የመጣው እስከ በሩ፣ እሱ፤
ናምዊንጋ ሲሙኮንዳ ይላል፤ የሟቹ አባቴ ስም።
ካላባ የሚል ፊደል በካርዱ ላይ የለም።

ስወጣ ደጅ ቆሟል። «ገጠመልሽ?» «አልገጠመም።»
«ኧረ?» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።
ካርዱን ተቀበለኝ፣ ስሙን በአውራ ጣቱ ጠረገ፣
በዚያው ላስቲክ አጠፈው፣ ኪሱ ውስጥ አደረገ።